የጭስ ማውጫው ድምፅ ስንት ነው? የቨርጂኒያ ሕግ የማይመልሰው ጥያቄ

ኮሎምቢያ ፓይክ በሰሜን ቨርጂኒያ፣ ከአርሊንግተን ተነሥቶ ወደ ፌርፋክስ ካውንቲ የሚዘልቅ፣ ግራና ቀኙን አፓርታማ የተደረደረበት ጎዳና ነው። በዚህ ጎዳና ዳር ከሚኖሩት መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚሰማውን ነገር ሁሉም ያውቁታል። መጀመሪያ ከሩቅ የከበሮ ጉምጉምታ የመሰለ ድምፅ ይመጣል፤ የትራፊክ መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ጉምጉምታው ወደ ጩኸት ይለወጣል፤ ረከቦቱ ላይ የተደረደሩት ሲኒዎች እርስ በርስ ይነካካሉ፤ አሽከርካሪው እግሩን ከቤንዚን መስጫው ላይ ሲያነሣ ደግሞ ተኩስ የሚመስል መንጣጣት ሁለትና ሦስት ጊዜ ይከተላል። ሕፃኑ ይነቃል። ታክሲ ሲነዳ አምሽቶ ገና ጋደም ያለው አባትም አብሮ ይነቃል።

ያ መኪና ሕግ ጥሷል ወይስ አልጣሰም ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ግን ቁርጥ ያለ መልስ የለም። የቨርጂኒያ የተሽከርካሪ ሕግ፣ ማንኛውም መኪና «ከመጠን ያለፈ ወይም ያልተለመደ» ድምፅ እንዳይወጣ የሚከላከል፣ በደኅና ይዞታ ላይ ያለ ጭስ ማውጫ እንዲኖረው ያዛል። ጭስ ማውጫው ፋብሪካው ከገጠመው ጋር አንድ ዓይነት ወይም ተመጣጣኝ መሆን እንዳለበትም ይደነግጋል። መጠኑ ስንት እንደሆነ፣ ከየት ቦታ ሆኖ እንደሚለካ፣ «ያልተለመደ» የሚባለውም ለማን ጆሮ እንደሆነ ግን አይናገርም። እኔ እንደማምነው የነዋሪው እንቅልፍ ማጣትም ሆነ የአሽከርካሪው በደል የሚመነጩት ከዚሁ ክፍተት ነው፤ ሕጉ ቁጥር ስለሌለው ፍርዱ ሌሊት መንገድ ላይ ለቆመ አንድ ፖሊስ ጆሮ ተትቷል።

ቁጥሩ ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት በመጀመሪያ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ማየት ይገባል። ነዳጁ ተቃጥሎ ፒስተኑን ከገፋ በኋላ የማስወጫ ቫልቩ ሲከፈት፣ ገና ግፊቱ ያልበረደ ጋዝ በአንድ ጊዜ ወደ ቱቦው ይወረወራል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ይህ ውርወራ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደጋገማል፤ ቤታችን ድረስ የሚገባው ጉምጉምታም ይኸው ነው። የአገር ቤት መካኒኮች ከጣሊያንኛ ወርሰው «ማርሚታ» የሚሉት ዕቃ ሥራው ይህን የግፊት ማዕበል ማለዘብ ነው። አንደኛው ዓይነት ማርሚታ ውስጡ በግድግዳ የተከፋፈለ ሲሆን ማዕበሉ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተመለሰ ራሱን በራሱ እንዲያጠፋ ያደርጋል። ሌላው ዓይነት ደግሞ የተበሳሳ ቱቦ በመስታወት ጥጥ ተጠቅልሎ የተሠራ ነው፤ ጥጡ ድምፁን ይመጠውና ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ጢሱን የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተርም፣ ዋና ሥራው ባይሆንም፣ ድምፁን በተወሰነ ደረጃ ያበርደዋል።

ጭስ ማውጫ የሚያስቀይሩ ሰዎች የሚያደርጉት ነገር ደረጃ አለው። አንዳንዱ የኋላውን ማርሚታ ብቻ ከፋብሪካው ትንሽ ከፍ ያለ ድምፅ በሚያሰማ ሌላ ማርሚታ ይተካል፤ ይህ በብዙ ቦታ ሕጋዊ ሊሆን ይችላል፤ ድምፁን መውደድም በራሱ ነውር የለውም። ሌላው ማርሚታውን ከነአካቴው አስቆርጦ በምትኩ ቀጥ ያለ ቱቦ ያስበይዳል። ሦስተኛው ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ያስነቅላል፤ ይህ ግን ከድምፅ ጉዳይ ወጥቶ የአየር ብክለት ጉዳይ ስለሚሆን የአሜሪካ ፌዴራል የንጹሕ አየር ሕግ በግልጽ ይከለክለዋል። ከእነዚህ ሁሉ የተለየው በቅርብ ዓመታት የተስፋፋው የኮምፒዩተር ለውጥ ነው። የሞተሩን ፕሮግራም በመለወጥ፣ አሽከርካሪው ቤንዚን መስጠት ሲያቆም ጥቂት ነዳጅ ዘግይቶ እንዲቀጣጠልና በጭስ ማውጫው ውስጥ እየፈነዳ እንዲያልፍ ይደረጋል። ተኩስ የሚመስለው መንጣጣት የሚመጣው ከዚህ ነው። ይህ ለውጥ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን በሙቀት ይጎዳል፤ የተኛን ሰው በማስደንገጥ ደግሞ አቻ የለውም፤ ምክንያቱም እንቅልፍን ይበልጥ የሚሰብረው ሳይቋረጥ ከሚሰማ ድምፅ ይልቅ ድንገት የሚመጣው ነው።

ስለ መጠን ስንነጋገር መለኪያው ዴሲቤል ነው፤ ዴሲቤል ደግሞ እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር ተደምሮ የሚቆጠር አይደለም። ድምፁ በ3 ዴሲቤል ሲጨምር ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል፤ በ10 ዴሲቤል ሲጨምር ጉልበቱ አሥር እጥፍ ያድጋል፣ ለጆሯችን ደግሞ በግምት እጥፍ ሆኖ ይሰማል። ስለዚህ «ከ85 ወደ 95 ከፍ አለ፣ ያን ያህል አይደለም» የሚለው አነጋገር ስሕተት ነው። ርቀትም እንዲሁ ወሳኝ ነው። በክፍት ቦታ ከድምፁ ምንጭ ያለን ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። «ሕጉ የሚፈቅደው 95 ዴሲቤል ነው» የሚል ሰው ከስንት ርቀት እንደሚለካ ካልተናገረ ገና ምንም አልተናገረም ማለት ነው።

ይህን በሁለት ሕጎች ማሳየት ይቻላል። በካሊፎርኒያ ክብደታቸው ከ6,000 ፓውንድ በታች ለሆኑ መኪኖች የተወሰነው ጣሪያ 95 ዴሲቤል ነው። አለካኩም መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ከፍተኛ ጉልበቱን በሚሰጥበት ዙር ሦስት አራተኛ ላይ እንዲዞር ተደርጎ፣ ማይክሮፎኑ ከቱቦው አፍ ግማሽ ሜትር ያህል ርቆ ነው። በኒው ዮርክ ከተማ የድምፅ ካሜራዎች የሚቀጡት ደግሞ ከ50 ጫማ፣ ማለትም ከ15 ሜትር ያህል ርቀት 85 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ የሚያሰማን መኪና ነው። ቁጥሮቹን ብቻ ያየ ሰው የኒው ዮርክ ሕግ በ10 ዴሲቤል የበለጠ ጥብቅ እንደሆነ ያስባል። ነገር ግን በካሊፎርኒያ ጣሪያው ላይ ያለ የቆመ መኪና ድምፅ 15 ሜትር ርቆ ሲደርስ ወደ 65 ዴሲቤል ግድም ይወርዳል። ቆሞ የሚዞር ሞተርና ጭነት ይዞ የሚፈተለክ ሞተር አንድ ዓይነት ድምፅ ስለሌላቸው ሁለቱን በቀጥታ ማመሳሰል አይቻልም። ቢሆንም ልዩነቱ ይህን ያህል ሰፊ ሆኖ ሳለ፣ ዕቃ ሻጮች «በሕግ የተፈቀደ» የሚል ጽሑፍ ለጥፈው ለየትኛው ግዛት እንደሆነ ሳይናገሩ መሸጣቸው ገዢውን ማሳሳት ነው።

ከዚህም በላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ የመለኪያው ባሕርይ አለ። በሕጎቹ ውስጥ የሚጠቀሰው ዴሲቤል የሰውን ጆሮ እንዲመስል ተደርጎ የተስተካከለ ነው፤ ጆሯችን ወፍራም ድምፅን ከቀጭን ድምፅ አሳንሶ ስለሚሰማ መሣሪያውም እንዲሁ አሳንሶ ይቆጥራል። በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚርገበገበውን ያንን የጉምጉምታ ድምፅ መለኪያው 19 ዴሲቤል ያህል ቀንሶለት ነው የሚመዘግበው። ግድግዳና መስኮት ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ በደንብ ያስቀራሉ፤ ወፍራሙን ግን ያሳልፋሉ። እንግዲህ መኝታ ቤት ድረስ የሚገባው ድምፅ፣ መንገድ ላይ ያለው መሣሪያ ከሁሉ አሳንሶ የሚቆጥረው ነው። አንድ ነዋሪ «ቁጥሩ ትንሽ ነው ተባልኩ፤ እኔ ግን አልጋዬ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል» ቢል እውነቱን ነው።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አለመሆኑ በደንብ የተጠና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ የመንገድ ትራፊክ ድምፅ በሌሊት በአማካይ ከ45 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። ይኸው ድርጅት በ2011 ባወጣው ሪፖርት፣ በምዕራብ አውሮፓ በትራፊክ ድምፅ ምክንያት በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ሚሊዮን የጤናማ ሕይወት ዓመታት እንደሚጠፉ ገምቷል። ከዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው የእንቅልፍ መታወክ ሲሆን የልብ ሕመምም አለበት። የኢትዮጵያ የአካባቢ ድምፅ መመዘኛም ለመኖሪያ ሰፈር በሌሊት ያስቀመጠው ጣሪያ 45 ዴሲቤል ነው። እነዚህ ግን የሰፈሩን ድምፅ የሚመለከቱ ናቸው፤ ሌሊቱን ሙሉ ጸጥ ያለ ሰፈር አንድ መኪና አሥር ሴኮንድ ቢያናውጠው አማካዩ ብዙም አይነቃነቅም፤ የተኛው ሰው ግን ነቅቷል። መኪናውን ራሱን የሚመለከት ቁጥር የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ወደ ቨርጂኒያ ልመለስ። ሕጉ ቁጥር ባይኖረውም ለረጅም ዘመን ፖሊስ በጭስ ማውጫ ድምፅ ብቻ መኪና ማስቆም ይችል ነበር። ጥቁር አሜሪካዊው ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ ከተገደለ በኋላ በ2020 የግዛቱ ምክር ቤት ልዩ ስብሰባ አድርጎ፣ የፖሊስ ማስቆሚያ ምክንያቶች ሆነው የቆዩ ጥቃቅን ጥፋቶችን ዝርዝር አወጣ። የጠቆረ መስታወት፣ የማሪዋና ሽታና የጭስ ማውጫ ድምፅ ከእነዚህ መካከል ነበሩ። ከማርች 1 ቀን 2021 ጀምሮ ፖሊስ በእነዚህ ምክንያቶች ብቻ መኪና እንዳያስቆም ተከለከለ። የሕጉ ዓላማ ግልጽና ተገቢ ነበር፤ «ያልተለመደ ድምፅ» የሚለው ቃል ለትርጉም ክፍት ስለሆነ ጥቁር አሽከርካሪዎችን ለማስቆምና መኪናቸውን ለመፈተሽ ሰበብ ሆኖ ያገለግል ነበር።

ውጤቱ በጎዳናዎቹ ላይ ብዙ ሳይቆይ ተሰማ። ጥፋቱ ሕጉ ውስጥ ተጽፎ ሳለ በእሱ ብቻ የሚያስቆም ሰው ስለሌለ፣ ከሰሜን ቨርጂኒያ ነዋሪዎች የሚቀርበው አቤቱታ በረከተ። ምክር ቤቱ በ2022 ተመልሶ ፖሊስ በጭስ ማውጫ ድምፅ ምክንያት ማስቆም እንዲችል የሚያደርግ ሕግ አወጣ፤ ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። በአንድ ዓመት ከአራት ወር ውስጥ ሕጉ ሄዶ ተመለሰ ማለት ነው። በዚህ ምልልስ ሁሉ ግን «ከመጠን ያለፈ» ማለት ስንት ዴሲቤል ነው የሚለው ጥያቄ እንደተዘለለ ቀረ፤ ክርክሩ ፖሊስ ያስቁም ወይስ አያስቁም በሚለው ላይ ብቻ ተወሰነ።

እኛ በዚህ አካባቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በጉዳዩ ሁለቱም ወገን ላይ ቆመናል። በአፓርታማው ውስጥ እንቅልፍ የምናጣው እኛ ነን፤ መንገድ ላይ በፖሊስ ዓይን ጥቁር አሽከርካሪ ሆነን የምንታየውም እኛው ነን። ለዚህ አንድ ቅርብ ምሳሌ አለ። ከማኅበረሰባችን ብዙ ታክሲና ኡበር ነጂዎች ቶዮታ ፕሪየስ ይነዳሉ። የፕሪየስ ካታሊቲክ ኮንቨርተር፣ በተለይ ከ2004 እስከ 2009 የተሠሩት መኪኖች፣ በውስጡ ባለው ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ምክንያት የሌቦች ዋና ዒላማ ሆኖ ቆይቷል። ሌባው መኪናውን በክሪክ ከፍ አድርጎ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በመጋዝ ቆርጦ ይሄዳል። ባለቤቱ ጠዋት ሞተሩን ሲያስነሣ ያ ጸጥተኛ መኪና እንደ ትራክተር ያጓራል። መኪናውን ወደ ጋራዥ ሲወስድ ፖሊስ ቢያስቆመው፣ የሕጉን ቃል ብቻ ለሚያነብ ፖሊስ፣ ቱቦውን ሆን ብሎ ካስቆረጠው ሰው የሚለየው ነገር የለም።

በካሊፎርኒያ ይህ ልዩነት በግልጽ ዋጋ ያስከፈለበት ጊዜ አለ። ቀድሞ እዚያ በጭስ ማውጫ ድምፅ የተከሰሰ ሰው መኪናውን አስጠግኖ ማስረጃ ካቀረበ ቅጣቱ ይነሣለት ነበር። በ2018 የወጣ ሕግ ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ ይህን ዕድል አስቀረና ቅጣቱ ወዲያውኑ የሚከፈል ሆነ። የተማረሩ ነዋሪዎችን ለመስማት የተደረገ መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም ሆን ብሎ ያስቀየረውንና የተበላሸበትን ሰው በአንድ ዓይን እንዲታዩ አድርጓል። ኒው ዮርክ ግዛት በ2021 መጨረሻ ያጸደቀው ሕግ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው። ለሕገ ወጥ የጭስ ማውጫ ለውጥ ከፍተኛውን ቅጣት ወደ 1,000 ዶላር ከፍ ቢያደርገውም፣ ኀላፊነቱን በአሽከርካሪው ላይ ብቻ አልጫነውም፤ የሚገጥመው ጋራዥ ጥፋቱን ከደጋገመ ፈቃዱን እንዲያጣ፣ ዓመታዊ ምርመራ የሚያደርጉ ጣቢያዎችም ማርሚታውን እንዲያዩ ደንግጓል። ቱቦውን የበየደው ሰው ገንዘቡን ተቀብሎ ቤቱ ተኝቶ ሳለ አሽከርካሪው ብቻ የሚቀጣበት አሠራር ፍትሐዊ ሆኖ ታይቶኝ አያውቅም።

ፖሊስን ከመካከል የሚያወጣው ሌላው መንገድ የድምፅ ካሜራ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ በፓሪስ ክልል የድምፅ መጠን የሚከታተለው ብሩይፓሪፍ የተባለ ተቋም፣ አራት ማይክሮፎን ያለው «ሜዱዝ» የተሰኘ መሣሪያ ሠርቷል። አራቱ ማይክሮፎኖች ድምፁን የሚሰሙበትን ቅጽበት በማነጻጸር ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ይለያሉ፤ በምስሉ ላይም በየትኛው መኪና ላይ እንደሆነ ያመለክታሉ። የዚህ ቴክኖሎጂ ከባዱ ሥራ መለካቱ ሳይሆን ይህ መለየት ነው፤ ጎን ለጎን ከሚሄዱ ሦስት መኪኖች የትኛው እንደጮኸ ያልተረጋገጠበት ቅጣት ፍርድ ቤት አይቆምም። ይኸው ተቋም አንድ ማርሚታው የተቀየረ ሞተር ሳይክል ፓሪስን በሌሊት ቢያቋርጥ 10 ሺህ ያህል ሰው ሊቀሰቅስ እንደሚችል ገምቷል። የኒው ዮርክ ከተማ ካሜራ በበኩሉ የሰሌዳውን ፎቶና የድምፁን ልኬት አብሮ ይይዛል፤ ቅጣቱ ከ800 ዶላር ጀምሮ ለደጋጋሚ 2,500 ዶላር ይደርሳል። ከእኛ ከወንዝ ማዶ ደግሞ ሜሪላንድ በ2024 በሞንትጎመሪና በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲዎች እንዲህ ያለ ካሜራ እንዲሞከር ፈቅዳለች። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ወገኖቻችን ውጤቱን ቀድመው የሚያዩት ይሆናሉ።

ካሜራ የአሽከርካሪውን ቆዳ አያይም፤ መኪና አያስቆምም፤ ኪስ አይፈትሽም። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የካሜራ ቅጣት የተቆረጠ ማርሚታ ያለውን የሀብታም ስፖርት መኪናና ኮንቨርተሩ የተሰረቀበትን ታክሲ በአንድ መጠን ስለሚመታ፣ ለተሰረቀበት ሰው የጥገና ጊዜ የሚሰጥ አሠራር አብሮት ሊኖር ይገባል። ቅጣት ብቻውን ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ለማየት በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ሲሠራበት የቆየውን ማስታወስ ይበቃል፤ እዚያ ከመጠን በላይ የሚጮኽ መኪና መንዳት 2,000 ድርሃምና 12 ጥቁር ነጥብ ሲያስከትል ቆይቷል። መንጃ ፈቃድ የሚታገደው 24 ነጥብ ሲሞላ ስለሆነ በሁለት ጥፋት እንጀራው የሚቋረጥ ሾፌር አለ ማለት ነው።

አውሮፓውያን ነገሩን ከሥሩ የያዙት ይመስለኛል። በአውሮፓ ኅብረት አዲስ የመኪና ሞዴል ለገበያ ከመቅረቡ በፊት እየተነዳ ከ7.5 ሜትር ርቀት ድምፁ ይለካል፤ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ለአዳዲስ ሞዴሎች ለተራው የቤት መኪና የተፈቀደው 68 ዴሲቤል፣ እጅግ ጉልበተኛ ለሆኑት 72 ዴሲቤል ነው። ከዚህ በተጨማሪ መኪናው ቆሞ ከቱቦው አፍ በግማሽ ሜትር ርቀት፣ በ45 ዲግሪ አቅጣጫ ይለካና ቁጥሩ ይመዘገባል። ጀርመን ውስጥ ይህ ቁጥር፣ ከተለካበት የሞተር ዙር ጋር፣ አሽከርካሪው ኪሱ ውስጥ በሚይዘው የመኪና መታወቂያ ወረቀት ላይ ታትሞ ይገኛል። ስለዚህ ፖሊሱ መንገድ ላይ የሚጠይቀው «ይህ ድምፅ ለእኔ በዛ ወይ?» ብሎ አይደለም፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥርና መሣሪያው የሚያሳየው ቁጥር ይቀራረባሉ ወይ ብሎ ነው። እያንዳንዱ መኪና የሚነጻጸረው ከገዛ ራሱ ጋር ነው።

ይህን በቨርጂኒያ ለማድረግ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም። እዚህ እያንዳንዱ መኪና በዓመት አንድ ጊዜ ኢንስፔክሽን ይገባል። መርማሪው ጎማውን ፈትቶ ፍሬኑን ያያል፣ መብራቱን ይሞክራል፣ ጭስ ማውጫው የተበሳ ወይም የላላ መሆኑን ይመለከታል፤ ሲጨርስ መስታወቱ ላይ ወረቀት ይለጥፋል። መኪናው እዚያው ቆሞ ሳለ ማይክሮፎኑን ከቱቦው አፍ ግማሽ ሜትር አርቆ፣ ሞተሩን በተወሰነው ዙር ላይ ይዞ መለካት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። አንዳንዱ ለኢንስፔክሽን ቀን ብቻ የፋብሪካውን ማርሚታ አስገጥሞ በማግስቱ ሊያስነቅለው ይችላል የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ እርግጥ ነው፣ የሚያደርገው አይጠፋም። ያን ጊዜ ግን መዝገቡ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚመሰክረው በራሱ ላይ ነው፤ ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ሌሊት በተለካው ድምፅና በምርመራው ቀን በተመዘገበው መካከል ያለውን ልዩነት ማስረዳት የእሱ ድርሻ ይሆናል። ባለ ፕሪየሱ ደግሞ የስርቆቱን የፖሊስ ሪፖርትና የጋራዡን ቀጠሮ አሳይቶ ወደ ሥራው ይሄዳል።